የሚያዝያ 23ን ሒሳብ ማን ይዘጋል?

ከምኖርበት ቤት ፊት ለፊት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ እየተገነባ ነው። ሚያዝያ 22 ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ሊያበቃ ሲል፣ ቀኑን ሙሉ ባሬላ ስትሸከም የዋለች ሴት ካቦውን ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ነገ ሥራ አለ?»

«የለም። ሜይ ዴይ ነው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«የሠራተኛ ቀን ነዋ። የእናንተ በዓል! እረፉበት።»

ነጠላዋን ከወገቧ እየፈታች ሳቀች። «የእኛ ከሆነማ ይከፈለናላ?» ካቦውም ሳቅ አለና ስልኩን ማየት ጀመረ።

ቀልድ ይመስላል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉን ገልጦ ላየ ሰው ግን ጥያቄዋ ቀልድ አይደለም። በየዓመቱ ሚያዝያ ሲጋመስ «በዓል በዛ፣ ይሄ እንኳ ቢቀርስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። «የሠራተኛን ቀን ማን ይነካል!» ብሎ የሚቆጣም አለ። ሁለቱም ወገን ሳይጠይቀው የሚያልፈውን የጠየቀችው እሷ ናት። በዓል እንደ ምሳ ግብዣ ነው፤ ሁሉም ከበላ በኋላ ሒሳቡን የሚዘጋ አንድ ሰው ይኖራል።

ሚያዝያ 23 የማን በዓል ነው?

ብዙ ሰው ቀኑን የሚያውቀው በቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ሚያዝያ 23 ዓመታዊ ክብረ በዓሉ ስለሆነ፣ መንግሥት ባይዘጋውም ቤተ ክርስቲያን የሚሳለምበት ሰው ብዙ ነው። በአጋጣሚ ደግሞ ቀኑ በፈረንጆቹ ሜይ 1 ላይ ይውላል። ዓለም አቀፍ የሠራተኞች ቀን የሚባለው እሱ ነው።

የሜይ 1 ታሪክ የሚጀምረው አሜሪካ፣ ቺካጎ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን ፋብሪካ ውስጥ በቀን 10 እና 12 ሰዓት መሥራት የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ሜይ 1 ቀን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች በየከተማው ሥራ አቆሙ። ጥያቄያቸው በጣት የሚቆጠር ነበር። 8 ሰዓት ሥራ፣ 8 ሰዓት ዕረፍት፣ 8 ሰዓት ለራስ።

ከሦስት ቀን በኋላ ሄይማርኬት በሚባለው አደባባይ የተቃውሞ ስብሰባ ተጠራ። ስብሰባው ሊበተን ሲል ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ሰው ፖሊሶች መሐል ቦምብ ወረወረ። ፖሊስም ተኮሰ። 7 ፖሊሶች ሞቱ፤ ከተሰበሰበውም ሕዝብ የሞቱ አሉ። 8 ሰዎች ተከሰሱ። ቦምቡን እነሱ ስለመወርወራቸው ማስረጃ ባይቀርብም 4ቱ በ1887 ተሰቀሉ፤ አንዱ ከስቅላቱ በፊት እስር ቤት ውስጥ ራሱን አጠፋ። በሕይወት የቀሩትን 3ቱን በ1893 የኢሊኖይ ገዥ ነጻ ለቀቃቸው።

በ1889 ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡ የሠራተኛ ፓርቲዎችና ማኅበራት ሜይ 1ን የ8 ሰዓት ጥያቄ የሚነሳበት ቀን አድርገው መረጡት። በማግስቱ ዓመት በብዙ አገሮች ሰልፍ ወጣ። በ1919 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የመጀመሪያ ስምምነቱን ያወጣው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት። ዛሬ በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ ያለው ቁጥር ራሱ እሱ ነው።

የሚገርመው፣ ታሪኩ የተፈጸመባት አሜሪካ ሜይ 1ን አታከብርም። የእሷ የሠራተኞች ቀን በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ ነው፤ በ1894 ፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ ፈርመው ያጸደቁት። ዲሲ ያለ ዘመድህ በዚያ ቀን ቤት ውሎ ሲደውልልህ እዚህ ነሐሴ እያለቀ፣ ወይም ጳጉሜ ገብቶ የእንቁጣጣሽ በግ ዋጋ እየተጠየቀ ነው።

እኛ ጋ መቼ መጣ?

በዓሉ ዘግይቶ ነው የመጣው። የሠራተኛው ጥያቄ ግን ቀድሞት ነበር። የድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠራተኞችና የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ገና ማኅበር የሚፈቅድ ሕግ ሳይኖር ሥራ አቁመው ያውቃሉ። ሕጉ ወጥቶ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የተመሠረተው በእኛ አቆጣጠር በ1955 ነው። ይኸው ማኅበር በየካቲት 1966 መጨረሻ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። ንጉሣዊውን መንግሥት ካናወጡት ክስተቶች አንዱ ነበር።

ሚያዝያ 23 ከሕዝብ በዓላት ዝርዝር ውስጥ የገባው በደርግ ዘመን ነው። በዕድሜ ከፍ ያለ አንባቢ አብዮት አደባባይን ያስታውሳል። ሰልፉን፣ የማርክስን፣ የኤንግልስንና የሌኒንን ትልልቅ ሥዕሎች፣ «ወዝአደር» እና «ላብአደር» የሚሉትን ቃላት። (ቃላቱ ያምሩ ነበር። «ወዝ» ብሎ «አደር» ማለት ከ«ተቀጣሪ» ይሻላል። አሁን የሚላቸው የለም።)

ነገር ግን በዓሉን በሰልፍ ያደመቀው መንግሥት በ1968 የቀድሞውን የሠራተኞች ማኅበር አፈረሰ። በቦታው በ1969 ራሱ የሚቆጣጠረውን የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበርን አቋቋመ። በዚያው ዓመት፣ ሚያዝያ 21፣ ከሜይ ዴይ ሁለት ቀን በፊት፣ ኢሕአፓ በጠራው የሜይ ዴይ ተቃውሞ የወጡ ወጣቶች አዲስ አበባ ውስጥ ተገደሉ። ቁጥራቸው በመቶዎች ይገመታል፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ቺካጎን ብቻ እየጠቀሱ ሜይ ዴይን የሚያስረዱ ሰዎች ይህን ሲዘሉት ይከነክነኛል። ቀኑ እኛም ጋ የራሱ ሙታን አሉት።

ነገሩ የደርግ ብቻ ፈጠራ አይደለም። ጀርመን ውስጥ ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት እ.ኤ.አ. በ1933 ሜይ 1ን ደሞዝ የሚከፈልበት ብሔራዊ በዓል አደረጉት። በማግስቱ፣ ሜይ 2፣ የሠራተኛ ማኅበራትን ቢሮዎች ያዙ፤ መሪዎቹን አሰሩ። በዓሉን በቀኝ እጅ ሰጥቶ ማኅበሩን በግራ እጅ መውሰድ ይቻላል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ አገር የሠራተኛ ቀን አላት ሲባል ስለ ሠራተኛዋ ገና ምንም አልሰማንም።

በዕለቱ ለሚያርፍና ለሚሠራ ሕጉ ምን ይላል?

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። የግል ድርጅቶችንና የልማት ድርጅቶችን የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የሕዝብ በዓል ማለት ደግሞ በሕግ ተዘርዝሮ የታወቀ፣ ደሞዝ የሚከፈልበት የዕረፍት ቀን ነው። የጊዮርጊስ ወርኀዊ በዓል እዚህ ውስጥ የለም፤ ሜይ ዴይ ግን አለ።

በወር ደሞዝ የሚከፈለው ሰው በበዓል ስላልሠራ ከደሞዙ አይቀነስበትም። ይሄ ግልጽ ነው። ና ሥራ ተብሎ ከሠራስ? እያንዳንዱ ሰዓት በሁለት ተባዝቶ ይከፈለዋል።

በቁጥር እንየው። የወር ደሞዙ 6,240 ብር የሆነ፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው እንውሰድ። በወር በአማካይ 208 ሰዓት ይሠራል። ሲካፈል በሰዓት 30 ብር ይመጣል። ሚያዝያ 23 ቀን 8 ሰዓት ከሠራ ሰዓቱ በ60 ብር ይታሰብና የዕለቱ ክፍያ 480 ብር ይሆናል። ከ8 ሰዓት በላይ ካቆዩት ደግሞ ትርፍ ሰዓት ውስጥ ገባ። በበዓል ቀን ትርፍ ሰዓት በሁለት ተኩል ይባዛል፤ በሰዓት 75 ብር ማለት ነው። በአዘቦት ቀን ቢሆን በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በአንድ ነጥብ 75 ነበር።

ሁለት በዓል በአንድ ቀን ቢገጥምስ? በ2016 ገጥሞ ነበር። ሚያዝያ 27 ፋሲካም፣ የአርበኞች ቀንም፣ እሑድም ሆነ። ሦስት የዕረፍት ምክንያት በአንድ ቀን ተደራርቦ አለቀ። ሕጉ በእንዲህ ያለ ቀን ለሠራ ሰው ክፍያውን በየበዓሉ አይደራርብለትም፤ የአንዱን ብቻ ይሰጠዋል። ሜይ ዴይም ራሱ በ2013 ቀዳም ስዑር ላይ ውሎ ነበር። ያኔ ቄጤማ ማሰሩን እንጂ የሠራተኛ ቀን መሆኑን ያስታወሰ ሰው እኔ አላጋጠመኝም።

ባሬላ ተሸካሚዋስ?

እዚህ ላይ ነው ሕጉ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው። በወር ደሞዝ ለማይከፈለው ሠራተኛ የበዓል ቀን ክፍያ የሚወሰነው በሥራ ውሉ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ነው ይላል። ኅብረት ስምምነት ማለት የሠራተኛ ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር ለሁሉም ሠራተኛ ብሎ የሚፈርመው ውል ነው። ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 10 ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ያስፈልጋል።

ሴትዮዋ የጽሑፍ ውል የላትም። ጠዋት ትመጣለች፣ ስሟ ደብተር ላይ ይጻፋል፣ ቅዳሜ ሒሳቧን ትቀበላለች። ማኅበር የሚባል ነገር ሰምታም ላታውቅ ትችላለች። ስለዚህ «ይከፈለናላ?» ላለችው ሕጉ የሚሰጣት መልስ «ውልሽን እይው» ነው። ውሉ የለም። በእሷ ደብተር ሚያዝያ 23 አንድ ባዶ መስመር ነው። ለራሷ በዓል ሒሳቡን የዘጋችው እሷ ናት።

የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ ከእሷም ራቅ ብላ ትገኛለች። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር ከአዋጁ ውጭ ነው፤ የእሱን የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲያወጣ ነው የተተወው። እንዲያውም ባለቤቶቹ ቤት ስለሚውሉ ሜይ ዴይ ለእሷ ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው። ቁርስ ሳይነሳ ቡና፣ ቡናው ሳይነሳ ምሳ። ባሕር ማዶ ተሻግራ ሪያድ ወይም ዱባይ የምትሠራው እህቷማ ሜይ 1 የሥራ ቀን በሆነበት አገር ነው ያለችው። ቤይሩት ብትሆን አገሩ በዓሉን ያከብራል፤ የሊባኖስ የሥራ ሕግ ግን የቤት ሠራተኛን አይመለከትም።

ሊስትሮው፣ ጉሊት የምትቸረችረው፣ የሜትር ታክሲ ሾፌሩ የራሳቸው አሠሪ ናቸው። ለእነሱ በዓል ማለት መሥሪያ ቤት ስለሚዘጋ ደንበኛ የሚቀንስበት ቀን ነው። አንዳንዱ ሊስትሮ ግን «በበዓል ጫማ ይበዛል» ይላል። ለጊዮርጊስ የሚሄደው ሰው ያካክስለታል።

በዓሉ ቢቀር ስንት እናተርፋለን?

«ይቅር» የሚሉት ሰዎች የሚያቀርቡት ስሌት ቀላል ነው። በሳምንት 6 ቀን የሚሠራ ድርጅት በዓመት 300 ያህል የሥራ ቀን አለው። አንድ ቀን ከዚያ ላይ አንድ ሦስት መቶኛ ነው፤ ከመቶ 0.33። ትንሽ ይመስላል፣ በአገር ደረጃ ሲባዛ ግን ብዙ ብር ነው ይላሉ። ትዕዛዝ በቀን ተቆጥሮ ለሚጠበቅበት የልብስ ፋብሪካ ጭንቀቱ እውነተኛ ነው። መርከብ የሚያዝያ 23ን ታሪክ አያውቅም።

ስሌቱ ግን የሚረሳቸው ነገሮች አሉ። በበዓሉ ያልተሠራ ሥራ ሁሉ ጠፍቶ አይቀርም። ሚያዝያ 23 ያልተፈጸመ የባንክ ጉዳይ ሚያዝያ 24 ይፈጸማል። ያልተገዛ ሲሚንቶ በማግስቱ ይገዛል። የዳቦ ቤቱ ምድጃ፣ የሆስፒታሉ ተረኛ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ጥበቃ ድሮም አያርፉም። በሌላ በኩል ደግሞ ሥጋ ቤቱና ካፌው ይሞቃሉ። እውነተኛው ኪሳራ ከ0.33 ያነሰ ነው። በስንት እንደሚያንስ በድፍረት የሚነግርህን ሰው ተጠራጠረው።

በዓል መሰረዝ ምን እንደሚመስል ያዩ አገሮች አሉ። ፖርቱጋል በኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ 4 በዓላትን አስቀረች፤ በ2016 ሁሉንም መለሰቻቸው። ዴንማርክ ደግሞ ከ1686 ጀምሮ ታከብረው የነበረውን ታላቁን የጸሎት ቀን እ.ኤ.አ. ከ2024 አንስታ ሰረዘች። ምክንያቱ የመከላከያ ወጪ ነበር። በአስር ሺዎች ኮፐንሃገን ላይ ወጥተው ተቃወሙ፤ ሕጉ ግን ጸደቀ።

ከዴንማርክ የምወደው አንድ ዝርዝር ነገር አለ። ቀኑ ሲሰረዝ በወር ደሞዝ ለሚከፈለው ሠራተኛ በዓመት ከደሞዙ 0.45 በመቶ እንዲጨመርለት ሕጉ ደነገገ። ቀኑን ወሰዱበት፣ ዋጋውን ግን ቆጥረው ሰጡት። እኛ ጋ «በዓሉ ይቅር» ሲባል ይህን ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር የሚጨምር ሰው ሰምቼ አላውቅም። ያለዚያ በዓል መሰረዝ ማለት በዓመት አንድ ቀን በነጻ ማሠራት ነው። የወር ደሞዙ አይለወጥምና።

ታዲያ ዋጋ አለው?

ለወር ደሞዝተኛው አለው፤ በብር ይቆጠራል። ከላይ ባሰላነው ደሞዝ ቢያንስ የ240 ብር ዕረፍት ነው።

ሁለተኛው ጥቅሙ በብር አይቆጠርም። ሜይ ዴይ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ኢሠማኮ፣ በዓመት አንዴ ማይክ የሚጨብጥበት ቀን ነው። በሌላው ቀን መግለጫ ቢያወጣ ዜና አይሆንም፤ በዚያ ቀን ይሆናል። ከዓመት ዓመት ሲመላለሱ ከቆዩት ጥያቄዎች አንዱ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል ነው፤ ማለትም ማንም አሠሪ ከዚህ በታች መክፈል የማይችልበት መነሻ። የ2011ዱ አዋጅ ወለሉን የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። ሌላው የሥራ ግብር ነበር። ለዓመታት ከ600 ብር በላይ የሚያገኝ ሰው ሁሉ ግብር ይቆረጥበት ነበር። በሐምሌ 2017 የወጣው ማሻሻያ መነሻውን ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገው። ይህን ሜይ ዴይ አመጣው አልልም፤ የዋጋ ንረቱ ራሱ ይጮህ ነበር። ግን በየሚያዝያው ሲነገር የቆየ ጉዳይ ነበር።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ይቆይ። ጠንካራው ተቃውሞ ግን ከባለ ፋብሪካው አይመጣም። ከባሬላዋ ሴት ነው የሚመጣው። እሷ «በዓላችሁ የአንድ ቀን እንጀራዬን በላ» ብትል የሚመልስላት የለም። የሚመለስላት ውሏ ውስጥ ወይም ኅብረት ስምምነት ውስጥ «በበዓል ቀን ይከፈላል» የሚል አንድ መስመር ሲገባ ነው። ሕጉ በሩን አልዘጋውም፤ ለሁለቱ ወገኖች ድርድር ተወው እንጂ። ችግሩ ከሁለቱ ወገን አንደኛው ብቻውን መቆሙ ነው።

ሚያዝያ 23 ሠርቼ በአዘቦት ሒሳብ ቢከፈለኝስ?

መጀመሪያ የደሞዝ መክፈያ ወረቀትህን እየው። ብዙ ቦታ የበዓል ክፍያ ለብቻው ተጽፎ አይወጣም፤ «ትርፍ ሰዓት» በሚለው ሥር ይደባለቃል። የሰዓትህን ዋጋ አስላና በሁለት አባዛ። ካልገጠመ ለሒሳብ ክፍሉ በጽሑፍ ጠይቅ፤ ቅጂውን አስቀር። ማኅበር ካላችሁ ለማኅበሩ ስጥ። ካልሆነ በየአካባቢው ሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሉ። መጨረሻው ፍርድ ቤት ነው።

ሰው የሚከስረው ቀነ ገደቡን ባለማወቅ ነው። የደሞዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። በሚያዝያ መጨረሻ ሊከፈልህ ሲገባ የቀረ ብር ካለ እስከ ጥቅምት ነው ጊዜህ። «ከመስቀል በኋላ አያለሁ» ያለ ይደርሳል። ኅዳር ሚካኤልን የጠበቀ አይደርስም።